ከስልክ የተማሩት ጸሎት

መከራዬ ጆሮዬ እስካሁን ደህና መሆኑ ነው። እኩዮቼ ሲደነቁሩ እኔ፣ ይክበር ይመስገን፣ ጓዳ ውስጥ የሚንሾካሾኩትን ሳይቀር እሰማለሁ። ስለዚህ የልጅ ልጆቼ ማታ ማታ በዜማ ሲጸልዩ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ቤት ጉድ ግን መስከረምን አይጠብቅም፤ ሁልጊዜ ከራት በፊት ይሰማል።

ነገሩን ያመጣችው ምራቴ ናት። «አባባ፣ ልጆች ጸሎት ቶሎ የሚይዙት በዜማ ሲሆን ነው አሉ» አለችኝ። ለቀባሪው አረዱት! እኛ የኔታ ግቢ ዛፍ ሥር ተኮልኩለን ፊደል የቆጠርነው በምን ሆነና? አቡጊዳው በዜማ፣ መልእክተ ዮሐንሱ በዜማ፣ ለሰባቱ ቀን የተከፈለው ውዳሴ ማርያም በዜማ፣ ዳዊቱም በዜማ ነው። ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማ የሠራልን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ምራቴ ዘንድ ወሬው የደረሰው ዘንድሮ ነው። ይሁን፣ ደረሰ።

ችግሩ እኛን ያስተማረን ሰው ነበር፤ እነሱን የሚያስተምራቸው ስልክ ነው። ምራቴ ወጥ እያማሰለች ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር ታስደግፈዋለች። አንዲት የካርቱን በግ እየዘለለች አባታችን ሆይን ታዜማለች፤ ማሙሽና ሚጡም እየዘለሉ ይከተሏታል። ልጅ ደግሞ የሚይዘው የሰማውን እንዳለ ነው። ኔትወርካችን እንደምታውቁት ነውና የዕለት እንጀራ የሚለመንበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስልኩ ቀጥ ይላል፤ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ በጓም አፏን ከፍታ ትቀራለች።

አሁን ማሙሽ ያለ ስልክም ሲጸልይ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። አፉን ከፍቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔም ከተዘረጋው እንጀራ ፊት እጄን ታጥቤ አብሬው እጠብቃለሁ።

«ምነው ቆምክ ማሙሽ?»

«አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ይቆማል!»

ከዜማ ምልክቶቻችን አንዱ ቁርጥ ይባላል። ማሙሽ ግን የቆረጠው በኔትወርክ ምልክት ነው።

የሚጡ ደግሞ ይብሳል። እሷ አሜን ካለች በኋላ አትቀመጥም። ጣቷን ቀስራ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ፣ ደወሏንም ተጫኗት» ትላለች። መጀመሪያ ደወል ስትል የቤተ ክርስቲያኑ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፍጥነቱንም ልንገራችሁ። ዶሮ ወጥ የሸተተ ቀን ጸሎቱ በሩጫ ነው፤ መሐል ያለው ሁሉ ተውጦ ከመነሻው አሜን ላይ ይደረሳል። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ሲቀርብ ግን ዜማው ይረዝማል፣ ይንቆረቆራል፣ ርክርኩ ይበዛል፤ የደብር መሪጌታ የመጣ ነው የሚመስለው።

አቋቋማቸውስ? ክርስቲያን ሲጸልይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያዞረው። እነዚህ ግን ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የተሰቀለው ምዕራብ ግድግዳ ላይ ነው። ይዙር ብል ሰሚ አጣሁ። «ሶኬቱ እዚያ ነው ያለው» ተባልኩ።

ልጆቹን አልቆጣም። ያሬድም በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ሸሽቶ ነበር። የመለሰችው ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላት ትል ናት። ልብ በሉ፣ ተቀምጦ ያየው ትል ነው፤ የካርቱን በግ አይደለም። ቁጣዬ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ልጆቹን «ጸልዩ!» በሚለው በአባታቸው ላይ ነው። «አንተስ ለምን አብረህ አታዜምም?» ስለው «አባባ፣ እኔ ድምፅ የለኝም» ይለኛል። ድምፅ የለኝም! የሚደግፈው ቡድን ጎል ሲያገባ ጎረቤት ከእንቅልፉ የሚያባንነው ድምፅ ታዲያ የማን ነው? የእኔ ነው?

እናቴ ነፍሷን ይማረውና ፊደል አልቆጠረችም፣ ድምፅም አልታደለችም። ግን ቡና ስትቆላ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ሰላም ለኪዋ ከአፏ አይለይም ነበር። ተቀመጡና ተማሩ ያለን የለም፤ ከሥሯ ስንርመጠመጥ ያዝነው። አንዳንዱን ቃል ታጣምመው ስለነበር እኛም አጣምመን አጠናነው፤ ኋላ የኔታ በአርጩሜ አቃኑልን። ቢሆንም ስሕተቱ የእናቴ ነበር። የማሙሽ ስሕተት የማን ነው? ማን ዘንድ ሄጄ ላቃናው?

እንግዲህ ወላጆች፣ ዜማውን ተዉ አላልኩም። ስልኩም ቢሆን ይኑር፤ ግጥሙ ሲጠፋባችሁ ያስታውሳችኋል። ግን ልጅ ጸሎት የሚለምደው የሚጸልይ ሰው አጠገቡ ሲያይ ነው። አባት ሆይ፣ ከሶፋው ተነሥተህ ከልጆችህ ጎን ቁምና አብረህ አዚም። ድምፄ አያምርም ብለህ አትፍራ፤ እግዚአብሔር የዘፈን ውድድር ዳኛ አይደለም።