የምሥራቅ አዲስ አበባ ቆርቋሪዎች፦ አጭር አመዳደብ

አማርኛችን ከተማ የመሠረተንም ግንድ የበሳንም በአንድ ግስ ያከብራል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ ግንደ ቆርቁር ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ጽዱን ሲቆረቁር ኖሯል። ሐውልት ያልቆመለት በቸልተኝነት ነው።

ይህን ጉድለት ለማረም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጬ፣ አልፎ አልፎም የካ ተራራ ድረስ ወጥቼ፣ ቆርቋሪዎችን በሁለት ምድብ ከፍያለሁ።

ምድብ አንድ፦ ባለ ላባ። የሐበሻው ግንደ ቆርቁር ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር አገር የለውም። ወንዱ አናቱ ላይ ቀይ አለው፤ ሴቷ የላትም። ወደ ስምጥ ሸለቆ ወረድ ሲሉ የሚያገኙት የኑቢያው ወንድ በዚያ ላይ ቀይ ጢም ጨምሮበታል። ሁሉም ጭራቸውን ግንዱ ላይ ደግፈው ይሠራሉ። ስለነሱ ይህ ይበቃል።

ምድብ ሁለት፦ ላባ የለሽ። የቆርቆሮ በር በሳንቲም የሚቆረቁረው (ቆጣሪ አንባቢ ይሁን ዘመድ፣ እስኪከፈት አይለይም)፣ የትናንቱን ሴራሚክ ዛሬ የሚነቅለው ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ ባለ ሙቀጫዋ።

ባለ ሙቀጫዋ መኖሪያዋ አራተኛ ፎቅ፣ በትክክል ከትራሴ በላይ ነው። ወፉ ያንኳኳል፣ ይቆማል፣ ግንድ ይቀይራል፤ እሳቸው አይቀይሩም። ድምፃቸው በሦስት ይከፈላል። ነጭ ሽንኩርት አጭርና ቅልጥፍ ያለ ነው። በርበሬ ከባድ ሲሆን በደረጃው ሙሉ በሚሰማ ማስነጠስ ይረጋገጣል። ቡና፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ዘጠኝ ምት፣ ዝምታ፣ ከዚያ አሥረኛው። ዝምታው መላሙን መፈተሻ ነው። እንቅልፍ ሊወስደኝ የሚሞክረው በዚያች ዝምታ ውስጥ ስለሆነ አሥረኛውን ምት ለብቻው ንዑስ ምድብ ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ዘነዘናው የብረት ነው ወይስ የእንጨት የሚለውም ገና አከራካሪ ነበር።

ይህን ለማጣራት፣ እውነቱን ለመናገር ግን ለመቆጣት፣ አንድ እሑድ ጠዋት ወጣሁ።

«ልጄ፣ በሰዓቱ መጣህ፤ አሁን ልቀዳ ነው» አሉ እማማ። የብረት ነበር።

አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ላይ ከበረንዳው ማዶ፣ ግንበኞች ካስቀሩት አንድ ዛፍ ላይ፣ ቀይ አናት ብቅ አለና ሥራውን ጀመረ። እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ደግሞ ማነው በሰንበት ሰው የሚረብሸው? እስቲ ሂድና ንገረው።»