ሰባ ሜትር ሰላምታ

አሜሪካ ለሐበሻ ሰላምታ አትመችም። ቢሮው፣ ሊፍቱ፣ የሱቁ ሰልፍ፣ ሁሉም «ሃይ» ብሎ ለሚያልፍ ሰው ተለክቶ የተሠራ ነው። ሰላምታችን የሚመጥንበት ቦታ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ያለው የዊተን ሜትሮ ጣቢያ ኤስካሌተር።

70 ሜትር ይረዝማል። በሰሜንም በደቡብም አሜሪካ እንዲህ በአንድ ወጥ የሚዘልቅ ሌላ የለም ይባላል። ቆሞ ለሚወርድ ሰው ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የእናት፣ የልጆች፣ የሥራ፣ የወገብ ሕመሙ፣ አገር ቤት የቀሩት ሁሉ ደህንነት በየተራ ተጠይቆ፣ በየመሃሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ፣ ልክ ወደ ቁም ነገሩ ሊገባ ሲል መሬት ይደረሳል።

ችግሩ የአገሩ ደንብ ነው። የቆመ በቀኝ፣ የሚጣደፍ በግራ። የእኛ ሰው ግን የሰው ማጅራት እያየ ሰላም አይልም፤ ጎን ለጎን ይቆማል። ከኋላ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ሲባል ፈገግ ብሎ ይጠጋል፤ ሰውየው እንዳለፈ ተመልሶ ግራውን ይይዛል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ከተገናኙማ ጉድ ነው። ከሩቅ እጅ ይነሣሣሉ፣ ሲተላለፉ «ደህና ነህ ወይ?» ይባባላሉ፣ የቀረው በጩኸት ያልቃል። መካከል ላይ የቆመው ፈረንጅ የማን ልጅ ኮሌጅ እንደገባ አማርኛ ባይችልም ሳይገባው አይቀርም።

ጣቢያው እንዲህ የጠለቀው መሐንዲሶቹ ዋሻውን በጠንካራው አለት ውስጥ ማሳለፍ ስለመረጡ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አብሮት በአንድ ቀን የተከፈተው ጎረቤቱ ፎረስት ግሌን ደግሞ ይብሳል፤ 60 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ነው። ኤስካሌተር የሚባል የለውም፣ ሰው የሚወጣና የሚወርደው በሊፍት ነው። ሊፍቱ ፈጣን ነው፤ «እንዴት ሰነበትሽ» ብለው መልሱን ሳይሰሙ በሩ ይከፈታል። እዚያ ሰፈር ቤት የተከራየ ወዳጄ ከሰው እየራቀ መሄዱን የምጠረጥረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከላይ ያለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ዋሽንግተንን ከተከላከሉት አንዱ ከሆነው ከጄኔራል ፍራንክ ዊተን ነው። አሁን የገበያ ማዕከሉ፣ ጆርጂያ አቬኑ፣ አውቶቡሱ፣ ግርግሩ አለ። ለእንጀራና ለቡና ግን በቀዩ መስመር ሁለት ፌርማታ ሄዶ ሲልቨር ስፕሪንግ መውረድ የተለመደ ነው። የሐበሻው ገበያ የደራው እዚያ ነው።

አሁንም አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በሜትሮው ደንብ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ መያዝ አለበት። «እኔ ነኝ የምከፍለው! ሞቼ እገኛለሁ!» የሚባለው የመጎተት ሥርዓታችን መግቢያው በር ላይ ቀርቷል። አንዱ ካርዱን ሲያስነካ ሌላው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጣች። ኤስካሌተሩን ከላይ ሆና ቁልቁል አየችና አማተበች፤ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወርደን መመለሻ አለው?» አለችኝ። አለው አልኳት። ገና እግሯን እንዳሳረፈች ከፊታችን ነጠላ የለበሱ እናት ዞር አሉ። «ከየት ነዎት?» ተባባሉ። ግማሽ መንገድ ላይ የጋራ ዘመድ ተገኘ። ታች ስንደርስ ግን ዘመዱ ገና በማን በኩል እንደሆነ አልተለየም።

«እንግዲህ ባቡሩ...» አልኩ።

«ቆይ እንጂ አንተ!» አለች አክስቴ፤ ተያይዘው በሚወጣው ኤስካሌተር ወደ ላይ ሄዱ። እኔ የሁለቱንም ዘንቢል ይዤ ታች ቆምኩ። አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ፣ ሌላውም ተከተለ። በመጨረሻ ድምፃቸው ከላይ ሲመጣ ሰማሁ፤ የደሴውን ወገን ጨርሰው ወደ ወረባቦው ገብተዋል።