የአቦከር ልጅ በደብረጼን

የእህቴ ልጅ ሀንጋሪ ሄዶ የአፈር ሳይንስ መማር ከጀመረ ወዲህ ሐረር፣ እኛ ሰፈር አቦከር ውስጥ ስለ አፈር የማያውቅ ሰው ጠፍቷል። በርጫ ላይ የተጋደመ ሁሉ ተመራማሪ ሆኗል። «አቦ፣ አፈር ፍለጋ አውሮፓ ድረስ? ሐሮማያ አፍንጫችን ሥር አይደል እንዴ!» የሚል አይጠፋም። ሐቅ አለው፤ ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን እገዛ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በታክሲ ይደረስበታል። ግን የነጻ ትምህርት ዕድል ሲመጣ ማን ስለ ታክሲ ያስባል?

የሚማርበት ከተማ ደብረጼን ይባላል። ጎረቤታችን እማማ ይህን ሲሰሙ ክው አሉ፤ «ገዳም ገባ? እስላም አልነበር እንዴ ልጁ?»

እህቴን ያስጨነቃት ሌላ ነው። የሀንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በሚለው ፕሮግራሙ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ለመኝታ ይረዳል፣ የጤና መድን ይገባል፣ በየወሩም የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ልጇ ይህን ሲያብራራላት ጸጥ ብላ ሰማችና «እሺ፣ በምላሹ ምንህን ነው የሚወስዱት?» አለችው። የጠረጠረችው ኩላሊቱን ነው።

ሻንጣው ሲሞላ አፎቻዋ፣ ማለትም ዕድሯ፣ በሙሉ ተሰበሰበ። በርበሬ ገባ፣ ቡና ገባ፣ ለሑልበት መረቅ የሚሆን አብሽ ገባ። ካፖርት ግን ማንም ትዝ አላለው፤ እኛ ዘንድ ብርድ ማለት በጋቢ የሚመለስ ነገር ነው።

ልጁ እዚያ አማረበት። በምን ቢባል፣ መጀመሪያ በጅብ። ክፍል ውስጥ ሁሉም አገሩን እንዲያስተዋውቅ ሲጠየቅ፣ ሌላው ስለ ተራራውና ስለ ባሕሩ አወራ። የእኛ ሰው ተነሥቶ «በእኛ ከተማ ማታ ማታ ጅብ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ይገባል፤ ሥጋ በእንጨት፣ ሲያሻውም በአፉ ይዞ የሚያጎርሰው ሰው አለ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ቪዲዮውን ፈልጎ ሲያሳያቸው ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አፈሩ ተረስቶ ስለ ጅብ ንግግር እንዲያደርግ በየቦታው ይጋበዛል፤ ጥያቄ ይመልሳል፣ የጅብን ጠባይ ይተነትናል። ወላሂ፣ ይህ ልጅ ከጀጎል ውጭ ጅብ ሲጮህ ከሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚደበቅ ነበር!

ቋንቋውንም ቶሎ ያዘ። ሀንጋሪኛ ከፊንላንድኛ ወገን እንጂ ከዙሪያው ቋንቋዎች ጋር ዝምድና ስለሌለው ፈረንጁ ራሱ ይሸሸዋል። የሐረር ልጅ ግን እቤት ሐረሪ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ጫት ተራ ሶማልኛ እያወራ ያደገ ነው፤ አንድ ቢጨመርበት ምን ይለዋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ልጁን ያቆመው ጉብዝናው ብቻ አይደለም፤ ባዕድ ሲያይ አለመደንገጡ ነው። ሐረር ባዕድ ሳታይ የዋለችበት ቀን የለም፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እንኳ መጥቶ ቡና ነግዶባታል።

ባሕር ተሻግሮ ስለተማረ ሰው ሲወራ ሽማግሌዎቹ ደግሞ መላኩ በያንን ያነሣሉ። ወሎ ተወልዶ ሐረር ያደገው መላኩ በራስ ተፈሪ ድጋፍ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ አሜሪካ ተላከ። ኦሃዮ ውስጥ ማስኪንገም ኮሌጅ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1935 ሐኪም ሆነ። ወዲያው ጣሊያን ወረረንና ዶክተሩ ጦር ግንባር ዘመተ። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ በ1940 ገና በ40 ዓመቱ ዐረፈ። ይህን ሁሉ ሲሠራ ግን ኢሞ አልነበረም። የዛሬውን ተማሪ እናቱ ፈተና ሲያጠና ትደውልና «ከስተሃል፤ እስቲ ካሜራውን ወደ ድስቱ አዙር» ትለዋለች።

ድስቱ ውስጥ ጉላሽ አለ፤ ሀንጋሪዎች ፓፕሪካ የሚሉትን ቀይ ዱቄት ነስንሰውበታል። እህቴ ቀለሙን አይታ ደስ አላት። ልጁ ሳያስበው «አያቃጥልም» አላት፤ በማግስቱ ወደ አውሮፓ የሚሄድ መንገደኛ ፍለጋ ከተማውን አዳረሰችው። ሁለት ኪሎ በርበሬ ያሸከመችው ሰው ጀርመን መውረዱን ያወቅነው በኋላ ነው።

የደረሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ካፖርት ግዙለት። የነጻ ትምህርቱ ማመልከቻ በኢንተርኔት ይሞላል፤ በእኛው መንግሥት በኩል መታጨትም ያስፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በጥር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።