ሰሙን ሳትሠሩ ወርቁን አትድፉብን

የዘንድሮ ገጣሚ ግጥሙን ከማንበቡ በፊት ስለ ግጥሙ ይናገራል፤ ካነበበው በኋላም ይናገራል። መሀል ላይ ያለችው ግጥም ከንግግሩ ታንሳለች። መድረክ ላይ ይወጣና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይህን የጻፍኩት ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ዝናቡ ተስፋን ይወክላል፣ ጃንጥላው ደግሞ ሥርዓቱን» ይላል። እንግዲህ ለእኔ ምን ቀረልኝ? ሽማግሌ ሰው በስንት ታክሲ ተጋፍቶ የመጣው የተፈታ እንቆቅልሽ ሊሰማ ነው? «ምን አውቅልህ» የምልበት ፋታ እንኳ የለም። አገር ስጠኝም አይለኝም፤ መልሱን ራሱ ተናግሮ፣ ራሱ አጨብጭቦ ይወርዳል።

ቤት ስገባ ደግሞ የልጅ ልጄ የቤት ሥራውን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ፣ እንቶኔ፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ያንበለብላቸዋል። «በግጥሙ ውስጥ የሚገኘውን ዘይቤ ለይተህ አውጣ» ይላል ጥያቄው። ያወጣዋል። ካወጣው በኋላስ ምን ያድርገው? ጥያቄው እዚያው ላይ አብቅቷል። ነፋሱ አለቀሰ የሚል ስንኝ ካገኘ «ሰውኛ» ብሎ ይጽፍና ሙሉ ማርክ ያገኛል። ነፋሱን ምን አስለቀሰው? ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ራሱ ማልቀስ ለምን አቃተው? እንባውን ለነፋስ ያዋሰው ማንን ፈርቶ ነው? የግጥሙ ነገር ያለው እዚያ ጋ ነበር። ይህን ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «አባባ፣ እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ይለኛል።

በእኛ ጊዜ፣ ይኸው ጀመረው በሉኝ፣ ቅኔ ቤት የገባ ልጅ የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ። በዚያች ጠባብ ቦታ ሰሙም ወርቁም ተጣጥፈው መግባት አለባቸው፤ ለመግቢያ ንግግር የሚተርፍ ክፍት የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሲቆጥር ይውላል። ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያቃኑለታል፣ አንዳንዴም ከነመሠረቱ ያፈርሱበታል። እንዲህ እያለ ዘአምላኪየ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ የሚባሉትን የቅኔ ዓይነቶች ተሻግሮ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ሲደርስ ጢም አብቅሏል። ደግሞ ትናንት የተናገሩትን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነበር። የአሁኑ ልጅ ግን አንዲት ግጥም ይዞ ዓመቱን ሙሉ መድረክ ይዞርባታል፤ እኔ እንኳ በቃሌ ይዣት ከሥር ከሥሩ እላለሁ።

ሰምና ወርቅ የምንለውም ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ የአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ወርቁ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው ማለት ነው። የግጥሙም ሰሚ እንደዚሁ የላዩን ታሪክ አምኖ ሲከተል ይቆይና ሁለት ፍቺ ያላት አንዲት ኅብረ ቃል ላይ ሲደርስ ታሪኩ ይቀልጥበታል፤ ሌላው ነገር ቦታውን ይይዛል። እሳቱን የሚያነድደው ገጣሚው አይደለም፣ ሰሚው ነው። ለዚህ ነው ሰው ራሱ ያቀለጠውን የማይረሳው። የዘንድሮዎቹ ግን ሰም የሚባል ነገር ሳያበጁ ወርቁን ዝም ብለው ይደፉታል። «ፍትሕ ሆይ! ነጻነት ሆይ! ፍቅር ሆይ!» ወርቅ አይደለም አላልኩም። ግን መሬት ላይ የፈሰሰ ወርቅ ለማን ጣት ቀለበት ይሆናል? ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ጩኸት የሚመጣው፣ እጅ የሚወራጨው፣ ማይክራፎኑ የሚያፏጨው። አበው «ቅኔው ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት» ያሉት ማይክራፎን ሳያዩ ነው።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው፤ ይህ ሁለት ፊት ያለው አነጋገራችን ከዘመናዊ ኑሮ ጋር እንዴት ይስማማ ይሆን ብሎም ተጨነቀልን። ባይጨነቅ ይሻለው ነበር። ዛሬ መጥቶ አንድ ምሽት ግጥም ቢሰማ ስጋቱ በአንዴ በለቀቀው።

እኛ የደበቅነው ለመራቀቅ ብቻ አልነበረም። ጌታ ፊት ቆሞ «በደልከኝ» ማለት የማይችል ሰው ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ደጁ ያወራል፤ ጌታው ከብቱን ይሰማል፣ ጀርባው የቆመው ሕዝብ በደሉን ይሰማል። አዝማሪውን «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠውም ሰው የሚነግረው ከጠጁ ገበታ ማዶ ለተቀመጠው ነው። እንዲህ ዓይነት ግጥም ላይ ዘይቤውና ጭብጡ አይለያዩም። ሰውዬው መደበቁ ራሱ ስለ ፍርሃቱ ይናገራል፤ «ፈራሁ» የሚል ቃል አንድም ቦታ ሳይኖርበት። ይህን «ለይተህ አውጣ» ብትሉኝ ከየት አወጣዋለሁ?

ባለፈው ለምሳሌ፣ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ መሬት እንሽጥ አንሽጥ ሲጨቃጨቅ፣ እኔን ግን አንድም የሚጠይቀኝ ሲጠፋ፣ ጥግ ላይ ሆኜ እንዲህ አልኩ፦

ሽማግሌ ሳለ እዚሁ ቤታችን፣
አንድም ሰው ሳይሰማው ነጋ ሌሊታችን።

ጸጥ አሉ። ገባቸው ብዬ ጋቢዬን አስተካከልኩ። ምራቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና፣ «ውይ አባባ፣ ለምን አልነገሩንም?» ብላ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ይዛልኝ መጣች። ልጄ ነገ ሐኪም ቤት እንውሰድዎት አለኝ። አንዷ ከሩቅ ዳማከሴ ይሻላል አለች። ሻዩን ጠጣሁት፣ ምን ላድርግ፣ ማር ነበረበት። መሬቱን ግን ሸጡት። አሁን እኔ ይህችን ስንኝ ልፈታላችሁ አልቀመጥም፤ ስለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ካማረርኩ በኋላ አያምርብኝም። ምራቴ የሰማችው ሳሉን ነው፤ ሽማግሌው ግን ያን ጊዜም እዚያው ነበረ። ከዚህ በላይ ፍንጭ አልሰጥም።

ግጥም ካነሣን ዘንድ ስለ ምጣኔም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስንኝ በልክ የሚቆረጠው በከንቱ አይደለም፤ ልኩም የራሱ ስሜት አለው። ቡሄ በሉ የሚባለው ቤት በአራት በአራት ቀለም እየፈጠነ ይዘልላል፣ የልጆች ዱላ መሬት ሲመታ የሚሰማበት ነው። ስድስት በስድስት የሆነው የወል ቤት ግን ትንፋሹ ሰፊ ስለሆነ ትካዜም ቁም ነገርም ይሸከማል። አንድ ወጣት እናቱን የሚያለቅስበትን ግጥም በአራት በአራት ደርድሮ ሲያነብ ሰማሁ። ቃላቱ ያሳዝናሉ፤ የእኔ እግር ግን ከወንበሩ ሥር ይጨፍራል! አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በመሐረብ እንባዋን እየጠረገች በዓይኗ ገሠጸችኝ። ጥፋቱ የእግሬ ነው? ነገሩ ሙሾ፣ ልኩ ሆያ ሆዬ!

ሁሉም የተበላሸ ነው ብዬ ግን አልሳደብም፤ ዘመናዊ ስለሆነ የምጠላ የሚመስላቸው አሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. መድበሉን ሲያወጣ ሽፋኑ ላይ «እሳት ወይ አበባ» ብሎ ጻፈ። እሳቱ የቱ ነው፣ አበባው ማን ነው፣ መራጩስ ማን ነው? «ወይ» ብሎን ሄደ። ያቺ «ወይ» ይኸው እስካሁን ታከራክረኛለች፤ ከጓደኞቼ ጋር በእሷ ምክንያት ቡና ሳንጠጣ የተለያየንበት ቀን አለ።

ሰሞኑን የሰፈራችን አንድ ልጅ የግጥም ረቂቁን ይዞ መጥቶ፣ «አባባ፣ እርስዎ መቅድም ይጻፉልኝ» አለኝ። ተቀበልኩትና ገለጥኩት። ስንኞቹ ደህና ናቸው፤ አንድ ሁለቱማ አስደንግጠውኛል፣ የዚህ ልጅ ናቸው ብዬም አላመንኩም። ግን እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ «ወፍ ፦ ነጻነት»፣ «ግድግዳ ፦ ጭቆና»፣ «አያቴ ፦ ኢትዮጵያ» ብሎ ዘርዝሯል። ግርጌው ይቆረጥ፣ ያኔ እጽፍልሃለሁ አልኩት። «ታዲያ አንባቢው ባይገባውስ?» አለኝ በጭንቀት። ደጋግሞ ያንብባ! ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው አንዴ ሊያነበው ነው እንዴ? «ላስብበት» ብሎ ወጣ። «አያቴ» የምትለዋን ግን አሁኑኑ አውጣ ብዬ ከደጅ መለስኩት፤ ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ፣ አገር ነዎት ቢባሉ አይወዱም።