ጥራዝ ነጠቁ እኔ ነኝ

አመል አለብኝ። ጫት አልቅምም፣ መጠጥ አላበዛም፣ ሲጋራም በሩቁ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሰው ሲተዋወቀኝ ጨዋ እመስለዋለሁ። አመሌ የሚታወቀው አፌን ስከፍት ነው። «ታውቃላችሁ?» ካልኩ አለቀ። ሰው የጀመረው ወሬ ተቋርጦ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር አንድ ባንድ ስዘረዝር እገኛለሁ።

አማርኛ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ስም ካወጣለት ቆይቷል፤ ጥራዝ ነጠቅ ይለዋል። መጽሐፉን ሳይጨርስ ከመሃል አንድ ጥራዝ ላፍ አድርጎ አደባባይ የሚሮጥ ማለት ነው። እኔ እንኳ ጥራዝ የመንጠቅ ትዕግሥቱም የለኝ። የኔ ምንጭ የታክሲ ሬዲዮ፣ የመጽሐፍ የጀርባ ሽፋን፣ ሳንቡሳ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ከዚያ የቃረምኩትን እስከ ማታ ለአንድ ሰው ካላካፈልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለዚህ አመል ደግሞ ከሰንጋ ተራ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። ዱሮ በሬ ይሸጥበት የነበረው ቦታ ዛሬ ባንክ በባንክ ሆኗል። ባንክ ባለበት ሰልፍ አለ፤ ሰልፍ ባለበት ደግሞ ቦታውን ጥሎ መሄድ የማይችል ሰው አለ። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ሌላውን ሲያናድድ እኔን ደስ ይለኛል፤ አድማጬ ንቅንቅ አይልማ።

አንድ ጊዜ ከፊቴ የቆመው ሰው የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ እያለፈበት ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። እኔ ስለ ጠገራ ብር ጀመርኩለት። አያቶቻችን ይገበያዩበት በነበረው በዚያ የኦስትሪያ ብር ላይ ምስሏ የተቀረጸው ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ግን እሷ ካረፈች ከመቶ ዓመት በኋላ ሲመታም ያው 1780 የሚለውን ቀን እንደያዘ ነበር። ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም፤ አንዳንዱማ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቆጥር እጁን አይዘረጋም። «ይኸውልህ፣ ያኔ ያለ ሲስተም ይሠራ ነበር» አልኩት። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ያኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር?» አለኝ። ከኋላ ሳቁ። እኔ ግን ሳቁን የቀጥል ምልክት አድርጌ ወሰድኩትና ወደ ግዕዝ ቁጥር ተሻገርኩ። በግዕዝ አኀዝ ዜሮ የለም፤ ዐሥሩም መቶውም ራሱን የቻለ ምልክት ስላለው አያስፈልገውም። ከኋላዬ አንዱ «የኔ ሒሳብ ላይ ተርፏል፤ ከፈለግህ ውሰድ» አለ። እሱን እንኳ ቀልድ መሆኑን የተረዳሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

የምኖረው እዚያው ሰንጋ ተራ አርባ ስልሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተከራይቼ ነው። ሊፍቱ አንዴ በሩ ከተዘጋ ጎረቤት የትም አይሄድብኝም። በመስኮት ስለሚታየን የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ በ2014 ዓ.ም. ተመርቆ 209 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ስለመውጣቱ የማውቀውን ሁሉ ከአንደኛ ፎቅ እስከ ሦስተኛ ጨርሼ፣ ከሦስተኛው በኋላ ወደ አበበ ቢቂላ እዞራለሁ። አበበ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1932 ነው፤ በዚያችው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። ይህን የሰሙ ጎረቤቶቼ እንቁላልና ከሰል ተሸክመው በደረጃ መውጣት ሲጀምሩ፣ እኔ በአበበ መንፈስ ተነክተው ስፖርት የጀመሩ መስሎኝ ነበር።

ቤት ውስጥም ያው ነኝ። ባለቤቴ ጤፍ ገዝታ መጣችና ኩንታሉን አስቀምጣ፣ ስለ ዋጋው ምሬቷን ጀመረች። መስማት ይገባኝ ነበር፤ እሷ መፍትሔ አልፈለገችም፣ «አይ ጉድ!» የሚላት ሰው ነበር የፈለገችው። እኔ ግን «ታውቂያለሽ? በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ» አልኩ። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሰፌዱን አቀበለችኝና «በል እንግዲህ፣ ወፍጮ ከመሄዱ በፊት ቆጥረህ አስረክበኝ» አለችኝ። ያን ቀን ጤፍ ስነፋና ስለቅም ዋልኩ። እስከ ማታ አልተነጋገርንም።

በኳስም ሰው አስቀይሜያለሁ። ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈበት ምሽት ካፌው እንዳለ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ላጽናና ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲካሄድ የተወዳደሩት ሦስት አገሮች ብቻ መሆናቸውን፣ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ስትሰረዝ እኛ ሳንጫወት ፍጻሜ መግባታችንን፣ ግብፅም 4 ለ 0 እንዳሸነፈችን፣ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው መሆኑን ተረክሁ። «ስለዚህ አንድም ጨዋታ ሳናሸንፍ ሁለተኛ የወጣን ሰዎች ነን!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የሳቀ የለም። አስተናጋጁ መጥቶ «ጋሼ፣ ሒሳብ ላምጣ?» አለኝ። ገና ማዘዜ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ይታለፋሉ። የማፍርበት የለቅሶው ነው። ልደታ አካባቢ አንድ ወዳጃችን ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። የሟች ወንድም ዝቅ ባለ ድምፅ የወንድሙን የመጨረሻ ጊዜ ያወራል። «ጥምቀት ሰኞ ዋለ፤ ታቦት ሸኝቶ ደኅና ሆኖ ገባ። በበነጋው አመመኝ አለ። የዓድዋ ዕለት ሰኞ ጠዋት…» ሲል እኔ ሰኞና ሰኞ የሚለው ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አፌን የያዘልኝ ሰው አልነበረም። «ታውቃላችሁ? ጥምቀትና ዓድዋ ሁልጊዜ በአንድ ዕለት ነው የሚውሉት!»

ነገሩ እውነት ነው። ከጥር 11 እስከ የካቲት 23 ድፍን 42 ቀን ነው፤ ስድስት ሳምንት ሳይጎድል ሳይተርፍ። ወራቶቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ፣ ጳጉሜም በመካከላቸው ስለማትገባ፣ ዓመቱ ማቴዎስም ሆነ ሉቃስ ይህ አይፈርስም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያረጋግጥ ጀመር። አንድ አዛውንት «ጳጉሜ ስድስት ስትሆንስ?» ብለው ሞገቱ። እኔ ይባስ ብዬ መስቀልና የግንቦት ልደታም እንደዚያው እንደሆኑ፣ ከመስከረም 17 እስከ ግንቦት 1 ድፍን 32 ሳምንት እንዳለ አስከተልኩ። ድንኳኑ የባሕረ ሐሳብ ጉባኤ ሆኖ አረፈው፤ ንፍሮ የያዘችው ልጅ ሳትቀር ቆማ የልደቷን ቀን ታስቆጥር ነበር። የሟች ወንድም ጋቢውን ሰብስቦ መሬት መሬት ያያል። የዓድዋ ዕለት ጠዋት ምን እንደሆነ አልነገረንም። ጨርስልን ያለውም አልነበረም።

እዚህ ላይ «ቢያንስ የምትናገረው እውነት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከአሜሪካ የሞት መቅጫ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው፣ አገሩ ገና መብራት ስለሌለው ዙፋን አደረጉት የሚባል ታሪክ አለ። በውጭ አገር የአስገራሚ ነገሮች መጻሕፍት ውስጥ ሲዞር የኖረ ተረት ነው። በኤሌክትሪክ ወንበር ሰው የተገደለው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1890 ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው፤ ተረቱ ደግሞ በዚያው ዓመት ወንበሩን እስከ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። በዚያ ጊዜ ባቡሩ እንኳ ገና አልተጀመረም። ይህን እያወቅሁ ለብዙ ጊዜ ተርኬዋለሁ። ምክንያቱም ሰው ይስቃል። ሰው እስከሳቀልኝ ድረስ አገር አስተምረው ያለፉትን ንጉሥ መሳቂያ ማድረጉ አልከበደኝም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ያው ተረት ተመልሶ በሌሎች አንደበት ሲነገረኝ፣ «ይሄን አልሰማህም?» ሲሉኝ፣ ዝም ብዬ የሥራዬን እቀበላለሁ።

ራሴን ላጽናና ስፈልግ ዮሐንስ ፖትከን የሚባለውን ጀርመናዊ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ያሳተመው እሱ ነው፤ በማተሚያ መኪና የወጣ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ንባቡን የተማረው ሮም ከነበሩ የኛ መነኮሳት ነበር። ታዲያ መጽሐፉ ሲወጣ ቋንቋውን ምን ብሎ አስተዋወቀው? ከለዳዊ! ባለቤቶቹ አጠገቡ ቁጭ ብለው ሳሉ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩ ጊዜ «ትልልቆቹም እንደኔ ናቸው» ብዬ ደስ አለኝ። ግን ልዩነት አለን። ፖትከን ቢያንስ ቁጭ ብሎ ተምሯል፣ ሠርቷል፣ ለአምስት መቶ ዓመት የሚሻገር ነገር ትቷል። ከእሱ ጋር የሚያገናኘን ባለቤቱ አጠገባችን ተቀምጦ ስለ ንብረቱ ለእሱ ማስረዳታችን ብቻ ነው።

ይህም የደረሰብኝ እዚሁ ሰፈር ነው። ታክሲ ስንጠብቅ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት አጠገቤ ቆመው የሕንፃዎቹን መስታወት ሽቅብ እያዩ «ይሄ ቦታ እኮ…» ብለው ጀመሩ። እኔ ከአፋቸው ነጠቅሁና ሰንጋ ተራ ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ የበሬ ገበያ እንደነበረ፣ ቀጥሎም ስለ ባንኮቹ፣ ስለ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ስጨርስ «እግዜር ይስጥህ ልጄ። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፤ ቤታችን ሳይፈርስ በፊት» አሉ። ታክሲው መጣ፣ ገቡ፣ ሄዱ። የትኛው ግቢ እንደነበረ፣ ማን ማን ጎረቤታቸው እንደነበረ፣ ሰፈሩ ሲነሣ የት እንደተበተኑ በየትኛውም የጀርባ ሽፋን ላይ አይገኝም። እሳቸው ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የአመሌን ሥር ከዚያ በኋላ ነው የደረስኩበት። ዕውቀት በዝቶብኝ አይደለም፤ የሰው ወሬ ሲረዝም የምሆነውን አላውቅም። ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል፣ ሲማረር የት ላይ «እህ» እንደሚባል ሌላው ከእናቱ የተማረውን እኔ አልተማርኩም። ስለዚህ ጭንቅ ሲለኝ ጠገራ ብር እመዛለሁ፣ አበበን አስሮጣለሁ። ሰው ሲደነቅ ያዳመጥኩት ይመስለኛል። የማሪያ ቴሬዛን የሞት ዓመት አውቃለሁ፤ ከጎኔ በር የሚኖሩት ልጆች ስማቸው ማን እንደሆነ ግን ባለቤቴን ነው የምጠይቀው።

ልታረም ሞክሬያለሁ። ባለቤቴ «ታውቃላችሁ» ባልኩ ቁጥር ዐሥር ብር እንድቀጣ ወሰነች። የተማርኩት ነገር ቢኖር «ታውቃላችሁ» ሳልል መጀመርን ነው። አንድ ቀንም ቅጣቱን ስከፍል፣ ባንክ ሳይኖር አገሩ በአሞሌ ጨው ይገበያይ እንደነበር ነገርኳት። ቅጣቱ እጥፍ ሆነ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውንም ተረት በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ግን ስለዚያ ተረት አስረዳለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ስናዘዝ ደርዘን የሚያህል አስገራሚ ነገር በጎን እንዳሾለክሁብህ ሳይገባህ አልቀረም። አመል ነው፣ ምን ይደረግ። የጥምቀቱንና የዓድዋውን ካላንደር አውጥተህ ብታረጋግጥ አልጠላም፤ ለሰው ብትነግርም አልከለክልህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ከመንገርህ በፊት አጠገብህ ያለው ሰው የጀመረውን ወሬ አስጨርሰው።