ያልተከፈለበት ጭነት

አከራዮቻችንን እናመስግን። ያልተወለደውን ልጅ ከሐኪም ቀድመው የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። «ልጅ የላችሁም አይደል?» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከነፍሰ ጡሯ ሆድ ሳያነሱ፤ በልባቸው የዳይፐሩን ሳይሆን የውኃውን ሒሳብ እየሠሩ።

የሰፈሩ ጫኝና አውራጆችም ሥርዓት ያውቃሉ። ፍራሹን ባልየው ራሱ ቢሸከመውም ሒሳቡ የእነሱ ነው፤ ሰፈሩ የእነሱ ነዋ! ቁም ሣጥኑ፣ ምጣዱ፣ የጤፉ ማዳበሪያ ሳይቀር ይከፈልበታል። ልጇን በሆዷ ይዛ አራተኛ ፎቅ የወጣችው ወይዘሮ ግን እስካሁን አልተጠየቀችም። ግልጽ የአሠራር ክፍተት ነው። በኪሎ ይታሰብ ከተባለም ክብደቷ የእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ ተጽፏል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው።