ዊንቹ እምቢ ሲል፦ ለክቡር ካፒቴን የቀረበ ምክር

ክቡር አንባቢ፣ ባለ ሸራ ጀልባ እንዳለዎት እገምታለሁ። ከሌለዎትም አይቀየሙ፤ ምክር ለመስማት ንብረት አያስፈልግም። የባሕር በሩ ጉዳይ በሚመለከታቸው አካላት በኩል የሚታይ ስለሆነ እሱን ትተን በቀጥታ ወደ ዊንቹ እንግባ።

ዊንች የሸራውን ገመድ በላዩ ጠምጥሞ የሚስብ፣ ጀልባው ወለል ላይ ጉብ ብሎ የሚታይ የብረት ከበሮ ነው። የድሃ ዊንች በእጅ ይዞራል። የእርስዎ በኤሌክትሪክ ነው። ቁልፉን በአንድ ጣት ይጫኑታል፣ ሸራው ይወጠራል፣ እንግዶችዎ «ወይ ሥልጣኔ!» ይላሉ። ታዲያ አንድ ቀን፣ ነፋሱ በርትቶ አማትዎ ጀልባው ላይ ባሉበት ቀን፣ ይጫኑታል፤ ጸጥ ይላል።

እዚህ ላይ ክብርዎን መጠበቅ ይቀድማል። ደጋግመው ይጫኑ። እንደማይሠራ ቢያውቁም በርትተው ይጫኑ፤ ካፒቴን እጁን አጣጥፎ አይታይም። ከዚያ ኮስተር ብለው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይበሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከባድ ናት፣ ማንም አይከራከራትም። ያለባት ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት መሆኗ ብቻ ነው። ከሞተሩ በፊት የሚጠረጠሩ ብዙ አሉ፤ ሁሉም ከሞተሩ ይረክሳሉ። ለመጠገን የቸኮለ ሰው ግን ሁልጊዜ ውዱን ይጠረጥራል።

እንግዶቹ ሻይ ሲጠጡ ጆሮዎን ይጣሉ። ቁልፉ ሲጫን ከታች «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለ? ቁልፉ ራሱ ትልቁን ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ በቀጭን ሽቦ ሶሌኖይዱን ይቀሰቅሳል፣ ትልቁን ለሞተሩ የሚያቀብለው ሶሌኖይዱ ነው። ድምፅ ከሌለ ሶሌኖይዱ አልተቀሰቀሰም ማለት ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን ይመልከቱ፤ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከሆነ በዝምታ መልሰው «አስተካከልኩት» ይበሉ። ብሬከሩ ደህና ከሆነ የቁልፉን ላስቲክ ይግለጡ። ላስቲኩ እግር ሲረግጠውና ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ጨዋማው ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ የመዳቡ መገናኛ አረንጓዴ ዱቄት ያበቅላል። ለማረጋገጥ ገመዱን ከከበሮው ያውልቁ፣ የሰው እጅ ያርቁ፣ የቁልፉን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ለቅጽበት ያገናኙ። ዊንቹ ከዞረ ጥፋተኛው ቁልፉ ነው፤ ሞተሩንም በይፋ ይቅርታ ይጠይቁት።

«ቀጭ» ብሎ ዝም ካለስ? ይህን ሕመም የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማለዳ ላይ የድሮ ላዳ ታክሲ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ሲቀር፣ ሾፌሩ ወርዶ ምን ያደርጋል? የባትሪውን ራስ ነቅነቅ ያደርጋል። ዲግሪ አልጠየቀውም፣ መኪናውም ይነሳል። የዊንች ሞተርም ከሞተሪኖ የራቀ ዘመድ አይደለም፤ ልዩነቱ ሾፌሩ የሚያውቀውን ካፒቴኑ አለማወቁ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። 1500 ዋት የሚበላ የ12 ቮልት ሞተር 125 አምፒር ይስባል። ኬብሉ ከባትሪ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዝገት ገብቶ አንድ መቶኛ ኦም ብቻ ቢጨምር፣ 1.25 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ150 ዋት በላይም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ቴስተር ይያዙ። የቆመ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ይህ ግን ማንንም አያሳምን፣ ሥራ ፈት ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ዊንቹ ሸክም ላይ እያለ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ይለኩ። ባትሪው ላይ ራሱ ወደ 10 ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ላይ ደህና ሆኖ ሞተሩ ጋ ከጎደለ ደግሞ መንገድ ላይ የበላው አለ። ዳዶዎቹን ፈተው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈግፍጉ፣ አጥብቀው ይሰሩ።

ባለ ሁለት ፍጥነት ሆኖ አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ ደስ ይበልዎት፤ ባትሪው፣ ዋናው ኬብልና ሞተሩ ተመስክሮላቸዋል። የቀረው ያኛው ቁልፍ ወይም የሱ ሶሌኖይድ ነው።

ሞተሩ እየዞረ ከበሮው ሸክሙን ካልያዘ ግን ነገሩ የኤለትራውቶ መሆኑ ቀርቷል። ከበሮው ውስጥ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዙት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ ብረቶች አሉ፤ ከጀርባቸው ፀጉር የመሰለች ሞላ ትገፋቸዋለች። ባለፈው ዓመት ፍቅርዎ በዝቶ በግራሶ ከሞሏቸው፣ ግራሶው ደርቆ አጣብቋቸዋል። ግራሶ ለማርሽ ጥርሶቹ ነው፤ ለእነዚህ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃቸዋል። ከበሮውን ከማንሳትዎ በፊት የካርቶን ሣጥን ታች ቀድደው በከበሮው ላይ ያጥልቁ፤ ሞላዋ ስትፈናጠር ካርቶኑ ውስጥ እንድትወድቅ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ባሕር ላይ ያፈሰሰ ግን አይለቅምም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ከመሳቢያ ውስጥ ዊንቹ በእጅ የሚዞርበትን የብረት መያዣ ያውጡ፤ የኤሌክትሪኩ ዊንች አናት ላይ መሰኪያ ተዘጋጅቶለታል። ፊውዝ የለውም፣ አይዝግም ባይባልም ገና ይሠራል። ነውር አይምሰልዎት። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤርሙዳ ላይ በተደረገው የአሜሪካስ ካፕ የሸራ ጀልባ ውድድር ጉልበቱ ከመርከበኞች አካል እንዲመጣ ሕጉ ያስገድድ ነበር፤ የኒውዚላንዶቹ ቡድን ጀልባው ላይ የብስክሌት ፔዳል ተክሎ በእግር እየመታ 7 ለ 1 አሸነፈ። እርስዎ በእጅዎ አንድ ሸራ ቢወጥሩ ታሪክ አይወቅስዎትም። መያዣውን ከዊንቹ ሳይነቅሉ ግን የኤሌክትሪኩን ቁልፍ እንዳይነኩ፤ ከዞረ ክንድ ይሰብራል።

ቀልዱን ትተን አንድ ነገር። አልሠራም ከሚል ዊንች ይልቅ አላቆምም የሚል ዊንች ይፈራል። ቁልፉ ወይም ሶሌኖይዱ ተጣብቆ ከቀረ ከበሮው ጣትን ከገመዱ ጋር ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው ዋናው ማጥፊያ ብቻ ነው። እባክዎ፣ ማጥፊያው የት እንዳለ ለሚሳፈር ሰው ሁሉ ጀልባው ከወደብ ሳይነሳ ያሳዩ፤ እጃቸው ደርሶ እንዲያጠፉትም ያስሞክሩ።